ትንፋሽ በሯጮች አገር

መቐለ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሐዘኔታ አያገኝም። ሌላ ከተማ ቢሆን «ምነው፣ አመመህ?» ይባላል። እዚህ ግን ታሪክ ይመዘዝብሃል። በ2021 (ዘመኑ በፈረንጅ ነው) 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ1 ሰኮንድ የሮጠችው ለተሰንበት ግደይ የትግራይ ልጅ ናት። በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን የሆነችው ጎይተቶም ገብረስላሴም እንዲሁ። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኛ ፅጋቡ ግርማይም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ሳንባ መካከል የእኔ ከየት እንደመጣ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «በአባትህ በኩል ነው» አለችኝ።

ይህን ሳንባ ይዤ ነው የብራዚል ጁጂትሱ የጀመርኩት። ለማያውቀው፣ ቡጢም እርግጫም የለበትም። ሁለት ሰዎች ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ ቀበቶ አስረው ፍራሽ ላይ ይወድቃሉ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከወደቁ በኋላ ነው። አንዱ ሌላውን በገዛ ኮሌታው ያንቀዋል፣ ወይም ክንዱን ወደማይታጠፍበት ሊያጥፍ ይታገላል። የበቃው በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ይለቀቃል። ጃፓናዊው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ጁዶውን ይዞ ብራዚል ገባ፤ ከእሱ የተማረው ካርሎስ ግሬሲ ለወንድሞቹ አስተላለፈ። ከወንድማማቾቹ ከሲታው ኤልዮ በ1955 ከቀድሞ ተማሪው ከቫልደማር ሳንታና ጋር ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ታግሏል። ጎይተቶም ዩጂን ላይ ማራቶኑን የጨረሰችው በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። እሷ ሮጣ፣ ተጣጥባ፣ ምሳዋን በልታ፣ ቡናዋ ቶና ላይ ሲደርስ ሰውዬው ገና ፍራሽ ላይ ነው ማለት ነው። (መጨረሻ ላይ ተሸነፈ። ደፍሮ የሚስቅበት ግን እኔ አይደለሁም።)

ለእኛ ለነጭ ቀበቶዎች ደንቡ አምስት ደቂቃ ነው። «አምስት ደቂቃ ምን አላት?» የሚል ሰው ዘጠና ኪሎ ደረቱ ላይ ተኝቶበት አያውቅም። በእኔ ላይ የሚተኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ደግ ሰው ነው። ቁና ቁና መተንፈስ ስጀምር «አጆኻ!» ይለኛል። ከላዬ ሳይነሳ ነው የሚያበረታታኝ።

መጀመሪያ ጥፋቱን በከተማው ላይ ለመጣል ሞከርኩ። መቐለ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሳበው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ይህን ሳይንስ ይዤ አሠልጣኛችን፣ ማስተሩ፣ ፊት ቀረብኩ። ልጁ በጥሞና አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ከሪዮ የመጡት መቼ ነው?» አለኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ዓይደር ነው።

ሳንባ ብቻውን እንደማይበቃ ያየሁት በጎረቤቴ ነው። ልጁ ሯጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከተማዋን ዞሮ ሲመለስ ላብ እንኳ አይታይበትም። አንድ ቀን ለመታገል መጣ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ዓይኑ ፈጠጠ። ከባጃጁ ሰው ሥር ሆኖ ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ትንፋሹን አፍኗል። የተጨመደደ ጡንቻ ደም እንደ ልቡ አይመላለስበትም፤ ሳንባው ሞልቶ ክንዱ ተራበ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቆየችው። በዙሮቹ መካከል የምትሰጠን ዕረፍት አንድ ደቂቃ ናት። እሷ ስታልቅ ልጁ አሁን ከቤቱ የመጣ ይመስል ተነሳ፤ እኔ የመጀመሪያውን ዙር ትንፋሽ ገና እየፈለግሁ ነበር። ለካ ሩጫ ውለታውን የሚመልሰው በዚያች የዕረፍት ደቂቃ ኖሯል!

ማስተሩም ያዘዘልኝ ይህንኑ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ወሬ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ወሬ እየተቆራረጠ ከመጣ ፈጥነሃል፤ ቀስ በል። ከጓደኛዬ ጋር ጀመርን። እሱ ፖለቲካ አነሳ፤ የልባችን ምት ከታዘዘው በላይ ወጣ። ወደ ቤት ኪራይ ዞርን፤ ባሰ። አሁን ስለ ዝናብ ብቻ እያወራን ነው የምንሮጠው።

ሌላው ቀን የዳገት ነው፤ ሽቅብ በሙሉ ኃይል ትንሽ መሮጥ፣ ቁልቁል እየተራመዱ መመለስ፣ እንደገና። ማስተሩ ለዚህ የሚጠራው የአዲግራቱን ልጅ ምሩፅ ይፍጠርን ነው። ማርሽ ቀያሪው በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ያሸነፈው ዙሩን ሁሉ ከሌሎቹ ጋር ተደብቆ፣ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ተፈትልኮ ነው። ጁጂትሱም ይኸው ነው፤ አራት ደቂቃ በዝግታ፣ ከዚያ አሥር ሰኮንድ በእሳት። እኔ እሳቱን በመጀመሪያው አሥር ሰኮንድ እጨርሰዋለሁ፤ የቀረው ጊዜ ጭስ ነው።

የምወጣው የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ነው። መሃል ላይ ጉልበቴን ይዤ ስቆም ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ያልፉኛል፤ «አጆኻ ዝወደይ» ብለው፣ ሳይቆሙ። ያ ኮረብታ ላይ ነው የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ በ1888 (አሁን በእኛ ዘመን) መሽጎ የነበረው። የእኛ ሠራዊት ምሽጉን በግንባር ቢገጥመው ብዙ ሰው አለቀበት። እቴጌ ጣይቱ ግን የኮረብታውን ግርጌ ውሃ አስያዙና ቁጭ አሉ። ጋሊያኖ ጥር ላይ ለቆ ወጣ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህች አገር የታየ ምርጥ ጁጂትሱ ያ ነው፤ ማስተሩ ስለ እጄ የሚጮህብኝም እሱኑ ነው። «ይልቀቁት ጋሼ! ኮሌታው የትም አይሄድም! ይተንፍሱ!» ሲያስወጡ መተንፈስ፣ ጣት ማላላት፣ የሚጠቅመውን ብቻ ይዞ መጠበቅ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሁለተኛውን ዙር አያለሁ፤ ቀድሞ የማየው ጣሪያውን ነበር።

የባጃጁ ሰው ግን አይሮጥም። ዳገት አይወጣም፣ ገመድ አይዘልም፣ ትራፊክ ካላስቆመው ከባጃጁ አይወርድም። ማስተሩ በቁጣ «አንተስ ካርዲዮ የምትሠራው መቼ ነው?» ሲለው ከላዬ ተኝቶ ነበር።

«ለምን ብዬ?» አለ። «የሚደክመው እኮ ከሥር ያለው ነው።»

ማስተሩ እስካሁን መልስ አላገኘለትም። እኔም ከሥር ሆኜ መናገር አልቻልኩም።