ከሥራ የማይባረር ፕሮግራመር ለመሆን

ኮድ ስትጽፍ ካንተ በቀር ማንም እንዳይገባው አድርገህ ጻፍ። የእንጀራህ ዋስትና እሱ ነው። በዚህ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ጎበዝ እየተባለ የተሰናበተ ብዙ አይቻለሁ፤ «እሱ ከሄደ ሲስተሙ ይቆማል» የተባለ ግን ሲሰናበት አላየሁም።

በስም አወጣጥ ጀምር። የሠራተኛ ደመወዝ የሚይዘውን ቫሪያብል «ደመወዝ» ብትለው ማንም አላፊ አግዳሚ ያውቀዋል፤ «ኤክስ2» በለው። የሦስት ሳምንት ሥራህን በአንድ ጊዜ አስገባና መግለጫው ላይ «ተስተካክሏል» ብለህ ብቻ ጻፍ። ምኑ እንደተስተካከለ ማወቅ የፈለገ ወንበርህ ድረስ ይምጣ።

ቀን ላይ ስትደርስ ተራቀቅ። ለአገራችን መሥሪያ ቤት የምትሠራ ከሆነ ወር የሚሞላበት ቦታ ከ1 እስከ 12 ብቻ ይቀበል። ጳጉሜ 3 የተወለደ ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ መዝጋቢዋ ሁለት ሦስቴ ትሞክራለች፣ «ሲስተሙ እምቢ አለ» ትላለች፣ በመጨረሻ ነሐሴ 30 ብላ ትገላገላለች። ልጁም ዕድሜ ልኩን አንተ በሰጠኸው ልደት ይኖራል። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመለወጥ ደግሞ 8 ቀንስ፣ አለቀ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው የሚል ሰው ከተነሣ «በሚቀጥለው ቨርዥን» በለው። ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ጳጉሜ 6 ቀን እንደምትሆንማ ጨርሶ አታንሳ፤ በአራት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ነገር ማን ይጨነቃል? ሰዓትም ሲሆን «2፡00» ብለህ ተወው። በማን አቆጣጠር እንደሆነ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ ይጠይቅ።

የማይሠራበትን ኮድ ከቶ አትሰርዝ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ይህን ምክር ሳልነግረው ተከትሎታል። ለዓመታት ያልተነካ ኮድ ሲስተሙ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 1 ቀን 2012 ለሚጀምር አዲስ ሥራ፣ ያንኑ የተኛ ኮድ የሚቀሰቅሰውን ምልክት ተዋሱ፤ ከ8ቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ግን አዲሱን ኮድ መጫን ተረሳ። ገበያው ሲከፈት ያ አንድ ሰርቨር የተኛውን ቀሰቀሰና ያለማቋረጥ ያገበያይ ጀመር። ባለሙያዎቹ ተጣድፈው አዲሱን ኮድ በትክክል ከሚሠሩት ከ7ቱ ላይ አነሡት። ያን ጊዜ 8ቱም አብረው አበዱ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ የጠፋው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያን ዕለት የድሮውን ኮድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ደመወዝ መጠየቅ ይችል እንደነበር አስበው።

ሥራው ሲዘገይ «ሰው ይጨመርልኝ» በል። ፍሬድ ብሩክስ አይቢኤም ውስጥ ትልቅ ፕሮጀክት መርቶ የቀመሰውን እንደ ፈረንጆቹ በ1975 መጽሐፍ አድርጎ፣ የዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብስ ያዘገየዋል ብሏል። አንተን ምን ይጎዳሃል? አዲሶቹ «ኤክስ2 ምንድን ነው?» እያሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይከቡሃል፤ አለቃህም ይህን አይቶ ያለ አንተ ቤቱ እንደማይቆም ይገባዋል።

የቴሌግራም ግሩፖችን አትናቅ። ስትጠይቅ «ሰላም፣ የሚያውቅ አለ?» ብለህ ጠፍተህ ዋል። ማታ ተመልሰህ ስክሪኑን በስልክህ ካሜራ አንሥተህ ላክ፤ ኤረሩ የተጻፈበት መስመር መቆረጡን አረጋግጥ። ሰው አንጀቱ ራርቶ ሲረዳህ ሌሊቱን መፍትሔውን ካገኘኸው «ተፈታ፣ አመሰግናለሁ» በልና ውጣ። እንዴት እንደተፈታ መጻፍ ለተፎካካሪ ስንቅ ማቀበል ነው። ጀማሪ ሲጠይቅህ ደግሞ «ጎግል አታደርግም?» በለው። እንደ ፈረንጆቹ በ1991 አንድ የፊንላንድ ተማሪ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ገና ያላለቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሚኒክስ ለተባለ ሌላ ሲስተም ተጠቃሚዎች አሳውቆ ምን ቢኖረው ደስ እንደሚላቸው ጠየቀ፤ ኮዱንም ለቀቀላቸው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ እጁን አስገባበት! ዛሬ ሊኑክስ የማንም መጫወቻ ነው፤ አንድሮይድ ስልክህ ውስጥ ሳይቀር አለ። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳትሠራ።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ አለልህ። የሰጠህን ኮድ ሳታነበው ለጥፍ። በዚህ መንገድ አንተም ራስህ የማትረዳው ሲስተም ይኖርሃል፤ በእኛ ጊዜ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅ ነበር።

ይህን ሁሉ በትጋት ከፈጸምክ ማንም አያባርርህም። ማንም አያሳድግህምም፤ የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ለጎረቤትህ ይሰጣል፣ አንተን ካለህበት ማን ይነካሃል? የዓመት ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃህ ይስቃል። ሌላ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቶህ የሠራኸውን አሳየን ሲልህ፣ የምታሳየው ኤክስ2ን ነው። የሠርግህ ቀን ሲቆረጥም ከሚዜዎችህ መካከል ጠንከር ያለውን ምረጥና ላፕቶፑን አስይዘው፤ ቻርጀሩንም እንዳይረሳ።