ለእኔ ከፈረደ ዳኛ ነው

እንጅባራ መናኸሪያ ቆማችሁ «ዳኛ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ መንገደኛ «አቤት» ይላል። ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ዳኛ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ዳኛ ነው፤ የእቁቡም እንዲሁ። ፊሽካ የያዘውም ዳኛ ነው። የሰፈራችን የእድር ዳኛማ መጠሪያው ከመልመዱ የተነሳ አንድ ሰው በስማቸው ሲጠራቸው ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዝም ይላሉ። ባለቤታቸው ግን ማዕረጉ ብዙም አያስደነግጣቸውም። «እድር ላይ እሳቸው ይፈርዳሉ፤ ይግባኙ ወደ እኔ ነው» ይላሉ።

ስሙን ስንሰጥ ለጋሶች ነን፤ ስንነጥቅም አንሰንፍም። ከወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ትንሽ ቆማችሁ የሚወጣውን ሰው አዳምጡ። የረታው «ዳኛ ማለትስ እሱ ነው!» እያለ ይወጣል። ተከትሎ የተረታው «ይሄም ዳኛ ተባለ!» እያለ ይወጣል። ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት። ጎረቤቴ ድንበር ላይ የዲከረንስ ዛፍ ተክሎ ጤፌን አጠላብኝ ብሎ የከሰሰ አንድ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ተረትቶ ሲወጣ «ዳኝነቱን የከፈልኩት እኔ፣ የተፈረደው ለሱ! ይሄ ምን ዓይነት ንግድ ነው?» ሲል ሰምቻለሁ። ሰውዬው ምን ያድርግ! ፍርዱም «ዳኝነት»፣ መዝገብ ለመክፈት የሚከፈለውም ገንዘብ «ዳኝነት»። ከፍሎ ዕቃውን ሳይረከብ ተመለሰ።

አክብሮታችንም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነው ሲሾሙ በታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። አንደበታችን ግን ሹመቱን ገና አልሰማም። ባለጉዳዩ ሴት ዳኛ ፊት ቆሞ «አዎ ጌታዬ፣ እንዴታ ጌታዬ» ይላል። ዳኛዋ ታግሳ ታግሳ «እኔ እኮ ሴት ነኝ» ስትለው አንገቱን ዝቅ አድርጎ «አውቃለሁ ጌታዬ» ይላታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ብዬ እንዳልዋሽ፣ ድሮም እንዲሁ ነበርን። ትልቁ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር። አፈ ንጉሥ ነሲቡ የምኒልክ የመጀመሪያው የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት በዚሁ ማዕረግ ነው። ዛሬ አፉ ሞልቷል፤ የጎደለው ንጉሡ ነው። የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው «እባክህ ዳኘን» ይሉ የነበረውም ያኔ ነው። እሱም ጉዞውን አቋርጦ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዳኛ ይለመን ነበር።

ዛሬ ዳንግላ ዋናው አስፋልት ላይ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ሲነካኩ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ማንም ማንንም ሳይለምን ሠላሳ ዳኛ ተሰየመ። አንዱ የጎማውን ፋና በእርምጃ ይለካል። አንዷ ቆሎ ሻጭ ሰፌዷን አስቀምጣ «ፈረሱ ምን አጠፋ? ፈረሱ ይጠየቅ!» ትላለች። መጨረሻ የደረሰው ሰውዬ «ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይሰማ «ጥፋቱ የባጃጁ ነው» ብሎ ፈረደ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሊጠይቅ ሲሞክር «አንተ ደግሞ ከመሃል አትግባ!» ተባለ። ባለጋሪውና ባለባጃጁ ተጨባብጠው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ክርክሩ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልተበተነም። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ የገዛሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ምን ላድርግ፣ ድምፀ ተአቅቦ አልወድም።

መጽሐፍ ቅዱስ የእስራኤልን ፈራጆች «መሳፍንት» ይላቸዋል፤ ጌዴዎንም ዲቦራም መሳፍንት ናቸው። የእኛም ዘመነ መሳፍንት ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። በ1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ አበቃ ይባላል። ይህን የጻፉት ሰዎች ዳንግላ አስፋልት ላይ አልቆሙም።

ኳሱስ? ባምላክ ተሰማን የሚያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ የተመረጠ ዳኛ ያወጣች አገር አለችን። እኔ ግን ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ለፊፋ ዳኛ ኦፍሳይድ አስተምራለሁ። ያስቆጠረው የእኔ ቡድን ከሆነ ደግሞ ኦፍሳይድ የሚባል ሕግ መኖሩንም አላውቅም።

ምኒልክ እንኳ የፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው» ነበር። ፈረስ ካነሳን፣ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ያን ቀን ፈረሱ ሲጋልብ ተመልካቹ ሁሉ ዳኛ ነው፤ የቀደመውም ሁልጊዜ የአጎቱ ልጅ ፈረስ ነው። ለበዓሉ ከመጣችሁ ቤት ያፈራው አይጠፋም፣ ግቡ። የማን ፈረስ ቀደመ ብላችሁ ግን እኔን እንዳትጠይቁኝ፤ በሁለቱም በኩል ዘመድ አለኝ።