የምላስ ሚዛን

ዐቢይ ጾም ነው፤ ሰዓቱ ገና ሰባት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምስር ወጥ ይንተከተካል። የቤቷ እመቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ናቸውና መቅመስ አይችሉም። ችግር የለም፤ መለኪያው ሳሎን ውስጥ ካርቱን እያየ ነው። «ማሙሽ፣ ና እስቲ ቅመስልኝ!» መለኪያው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። መዳፉ ላይ ጠብ ይደረግለታል፤ እፍ እፍ ይላል፣ ይልሳል፣ ያጣጥማል፤ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ውጤቱን ያሳውቃል፦ «ይጣፍጣል።» ከረሜላው ከአፉ ከወጣ አምስት ደቂቃ አለመሙላቱ በምርመራው ላይ አንዳች ችግር አልፈጠረም። የወጡ ጨው ጸድቋል።

ይህን የመሰለ አሠራር የሚንቅ ሰው የሙያን ክብር አያውቅም። ምላስ ባትሪ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ አያስኬድም። ጥቂት ጉድለቶች አሉበት ይባላል እንጂ። ጨው የለመደ ምላስ ጨው ካልበዛለት አይሰማውም፤ ደጋግሞ የቀመሰ ይደነዝዛል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የመቅመስ አቅም ይደክማል። በመሆኑም በሰፈሩ «እጃቸው ይጣፍጣል» የተባለላቸው፣ ያለ እሳቸው ሠርግም ተዝካርም የማይደገስላቸው እናት ሥልጣናቸው ጫፍ የሚደርሰው ምላሳቸው በሚደክምበት ዕድሜ ላይ ነው። የሚቀምሱት እሳቸው፣ «ትንሽ ይጨመርበት» የሚሉትም እሳቸው። የልደታው ፍርድ ቤት ከኮንዶሚኒየሙ ቅርብ ነው፤ እዚያ አንድ ምስክር ብቻውን ቢቀርብ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ተነሥቶ መስቀለኛ ጥያቄ ያወርድበታል። ኩሽና ውስጥ ግን ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

የመስፈሪያ አሃዶቹም ረቂቅ ናቸው። ቁንጥር አለ፤ ስፋቱ እንደ ቆንጣሪዋ ጣት ነው። እፍኝ አለ። ከሁሉም የሚልቀው ግን በየቴሌቪዥኑ የምግብ ዝግጅት ላይ የሚሰማው «ጨው በመጠኑ» ነው። መጠኑ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሙያ የለሽነቱን በራሱ አፍ መሰከረ። ደግሞም ድስቱ ጋ የደረሰው ጨው የመጀመሪያው አይደለም። በርበሬው ሲደለዝ ገብቶበታል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ገብቶበታል፤ በአዋዜውና በሚጥሚጣው በኩልም ይመጣል፤ ዳቦውም ከነጨው ነው የተጋገረው። ይህን ሁሉ ደምሮ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ በዛ የሚልም የለም።

ከዚያ እንግዳው ይዘገያል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ወጡ እሳት ላይ ይቆያል። ውኃው በእንፋሎት መልክ ይሄዳል፤ ጨዉ የትም አይሄድም። ቅድም የጸደቀው ወጥና ገበታ ላይ የቀረበው ወጥ ሁለት የተለያዩ ወጦች ናቸው። ያደረ ወጥ ሞቆ ሲቀርብ ደግሞ ሦስተኛ ይሆናል።

አሁን ከእነዚሁ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ የሚኖር ሰው የባሕር ዓሣና ኮራል በመስታወት ገንዳ ላሳድግ ብሎ ተነሣ እንበል። ያ ሰው በአንድ ጀምበር ሳይንቲስት ይሆናል። የባሕር ውኃ በአንድ ኪሎ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ባለገንዳው ከ35 ብዙም ላለመራቅ ይጨነቃል። የተንሳፋፊ የጨው መለኪያው ክንድ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ብትለጠፍ ንባቡ ከፍ ብሎ እንደሚዋሽ ያውቃል፤ ስለዚህ በብርሃን ስብረት የሚሠራ ሪፍራክቶሜትር ይገዛል። እሱንም አያምነውም። በንጹሕ ውኃ ዜሮ ላይ ማስተካከል አይበቃም ብሎ፣ ልክ 35 የሆነ ማመሳከሪያ ውሕድ ጠብ እያደረገ ይፈትሸዋል። መሣሪያው ለገበታ ጨው ውኃ የተሠራ ከሆነ በባሕር ውኃ ላይ አንድ ሁለት ነጥብ እንደሚያዛባ የደረሰበት ሌሊት እንቅልፍ የለም። ገንዳው ሲተን የጎደለውን የሚሞላው በጨዋማ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ነው፤ ውኃው እንጂ ጨዉ እንዳልሄደ ገብቶታልና። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለዓሣና አንጎል ለሌለው ኮራል ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ያው ሰው ሪፍራክቶሜትሩን በልዩ ጨርቅ ጠርጎ ያስቀምጥና፣ እጁን ታጥቦ፣ ማሙሽ የፈቀደውን ወጥ ይበላል።

ጨው ግን እዚህ አገር ሳይለካ የኖረ ነገር አይደለም። አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከመገኛው በራቀ ቁጥር እንደሚወደድ ጽፏል። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርድ ነበር። ዛሬም አሳሌ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ነበልባል፣ ቆፋሪው የፈነቀለውን ጨው ጠራቢው በመጥረቢያ እያስተካከለ እኩል ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው በግመል ላይ የሚጫነው። ልኬቱ ኩሽና ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚያበቃው። ሥጋ ቤት ሚዛኑ 50 ግራም አጎደለብኝ ብሎ አካባቢውን የሚያተራምሰው አባወራ፣ ቤቱ ሲገባ ጨዉ በመዳፍ ሲሰፈር አይቶ «እጅሽ ይባረክ» ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ሙሉ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እንደ ጎርጎሮሳውያኑ በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የጤና ጥናት ኢትዮጵያውያን በአማካይ በቀን 8 ግራም ያህል እንደሚበሉ አገኘ፤ ከ100 ሰው 96ቱ የሚበሉት ከልኩ በላይ ነው። ከ100 አዋቂ 16 ያህሉ ደግሞ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። የጨው መጠኑ የተገኘው ከሽንት ናሙና ነው። ቤተሰቡ ስንት ጨው እንደሚበላ ኩሽናው ያላወቀውን መጸዳጃ ቤቱ ያውቀው ኖሯል።

ይኸው ልደታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልንም ባልቻ ሆስፒታልንም ይዟል፤ የግፊት ካርዳቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ቤት የሚመለሱ አባት መንገዱ ላይ አይጠፉም። «ጨው ቀንስ ተብያለሁ» ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው። ቤተሰቡም ይታዘዛል፤ ከዕለቱ ጀምሮ ጨዉ ይቀነሳል። ከስንት ወደ ስንት? እሱን መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው። በሳምንቱ አባት «ይሄ ወጥ ሳር ሳር ይላል» ይላሉ፤ ቁንጥሯ ትመለሳለች፤ አብሯት ሌላ ቁንጥር ይመጣል። ተረቱም የሚያግዘው እሳቸውን ነው፦ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል። የበዛው ጨው ምን እንደሚደረግ ግን ተረቱ አልነገረንም።

አዮዲን ላይ ሲደረስ ጨዋታው ሌላ ነው፤ አዮዲን በምላስ አይለይም። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት የአሰብና የምጽዋ ጨው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሲቋረጥ የአፍዴራው ተተካ፤ አዮዲኑ ግን ወዲያው አብሮ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ቤት 89ኙ ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው ተገኘ፤ እልል ያሰኛል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ጨዉ ላይ ጠብታ ይደረጋል፣ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ አዮዲን አለ። ስንት አለ? ሰማያዊ። ጠብታው መኖሩን እንጂ መጠኑን በወጉ አይናገርም፤ ለመጠኑ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ ሲለካ ደግሞ በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከግማሽ በታች ሆኑ። እንቅርትን የሚያስቀረው ቀለሙ ቢሆን ኖሮ ሥራው አልቆ ነበር።

አሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ልጆች፣ የእናታቸው ግፊት ሲያሳስባቸው፣ ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይልካሉ። እናት ይመርቃሉ፤ «ሙያዬን ተጠራጠርክ እንዴ?» ብለው በስልክ ይስቃሉ። ሚዛኑ ከነካርቶኑ ቡፌው ውስጥ፣ ከሻይ ስኒዎቹ ጎን ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ልጃቸው እንደላከላቸው ይነገርለታል፤ ባትሪው ገና አልገባለትም።