የሸሸ አያት ይፈለጋል

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ሰላምታ ከሰጠህ፣ ገና እጅህን ሳይለቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይልሃል። የአባትህ ስም አይበቃውም። «የማን የማን?» ይላል፤ አያትህን ትጨምራለህ። አራተኛው ላይ ከቆምክ ራሱን ይነቀንቅና ለጎኑ ሰው «የዛሬ ልጅ!» ይለዋል። ከዘለቅክ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለ፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ የሥጋ ዘመድ ሆናችሁ ታርፋላችሁ፣ አንተም በርበሬ ልትገዛ መጥተህ የማታውቀው ሰው ተዝካር ላይ ተጠርተህ ትመለሳለህ።

እኔን ይህን ጣጣ ያስወደዱኝ አያቴና ወንድሟ ናቸው። አያቴን እምዬ እንላታለን። ታላቅ ወንድሟን እሷ «አያ» ስለምትለው እኛም የልጅ ልጆቿ አያ አልነው፤ ሁለቱም የጃቢ ጠህናን ገጠር ሰዎች ናቸው።

እምዬ ፍኖተ ሰላምን እስከ ዛሬ ወጀት ነው የምትላት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ስሟን ፍኖተ ሰላም ካሏት ስንት ዘመኗ፣ እምዬ ግን አላጸደቀችውም። አንድ ቀን ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ «ወጀት ስንት ነው?» ብትለው፣ ረዳቱ «እማማ፣ እኛ እዚያ አንሄድም» ብሎ ሊያስወርዳት ነበር።

ዘመን የምትቆጥረውም በራሷ መንገድ ነው። ታላቅ እህቷ መቼ እንደተወለደች ስጠይቃት «ጣሊያን ከቡሬ ሲወጣ እናታችን አራስ ነበረች» አለችኝ። ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በ1933 ዓ.ም. ነው። ደምሬ ቀንሼ ሳየው፣ ታላቅ እህቷ መታወቂያዋ ላይ ካለው ዕድሜ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣለች። ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ተጻፈ።

የአያ ግን ሌላ ነው። ዘር ሲቆጥር ጭራውን ጉልበቱ ላይ ያጋድምና ዓይኑን ጨፍኖ፣ በግራ እጁ ጣቶች አንጓ ላይ በየተራ አንድ አንድ አባት ያስቀምጣል። አንጓው ሲያልቅ በቀኝ እጁ የእናቱን ወገን ይጀምራል። ሰውየው የዘር ፍቅር ያቃጠለው እንዳይመስላችሁ። ሙግት ነው ያስተማረው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበርና፣ ከአቅኚው አባት መወለድህን ቆጥረህ ካስረዳህ መሬት ትካፈላለህ። አንዲት ቅድመ አያት ከዘለልክ ጥማዱ ለአጎትህ ልጅ ይሆናል። በአጭሩ፣ የረሳ አያርስም ነበር። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ይህንኑ ሊያጠና እዚሁ ዳሞት ድረስ መጥቶ ከርሞ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አውጥቶበታል። አያ ያንኑ ሥራ ያለ በጀት ሠርቶታል፣ ግን ማሳተሚያ አላገኘም።

የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን አሻፈረኝ ሲል አያ ጎልማሳ ነበር። ግብሩስ ቀለለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተባለ፤ ርስቱም ሙግቱም አብረው ተወረሱ። አያ መቁጠሩን አልተወም። ይግባኙ ገና ያልታየለት ሰው ነው የሚመስለው።

እና ቡና ሲፈላ፣ ችሎቱ ይሰየማል። እኔ ስልኬን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ ረከቦቱ ሥር አስቀምጣለሁ።

«የምንጅላታችን ሚስት የቡሬ ሰው ናት» ይላል አያ።

«የሽንዲ ናት» ትላለች እምዬ፣ ከጀበናው ቀና ሳትል።

«የሽንዲዋማ ሁለተኛዋ ናት!»

«ታዲያ ሁለተኛዋ ስትመጣ መጀመሪያዋ የት ሄዳ ነበር?»

አያ ዝም። ቶናው ተቀድቶ፣ በረካው ተቀድቶ፣ ዝም። ቅጂው ውስጥ የሚሰማው የእሳት መንጣጣትና የአያ ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነው። እኔን ታሪክ ያስወደደኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ትምህርት ቤት በተማርኩት ታሪክ ሰው ይነግሣል፣ ይዘምታል፣ ድል ያደርጋል እንጂ በሁለት ሚስት ተይዞ ጉሮሮውን አይጠርግም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም። በየቤቱ የቆጠርኩት አያት ሁሉ በ1888 ዓ.ም. ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ዓድዋ ዘምቷል፤ ቤት የቀረ የለም። እነዚያን ሁሉ አንድ ላይ ካሰለፍናቸው የዓድዋ ተራሮች መቆሚያም አይበቁ። ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ያው ንጉሥ የጎጃምን ጦር ይዘው ዓባይን ተሻግረው እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ። ተሸነፉ፤ ራሳቸውም ቆስለው ተማረኩ። እንግዲህ ዳሞትን ባካልል እምባቦ የዘመተ አያት ያለው ሰው ላገኝ ነው? አንድም።

አያን ጠየቅሁት። ጭራውን ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረ።

«ያኔ የእኛ ሰው በሬ ጠፍቶበት ፍለጋ ላይ ነበር።»

«በሬውን አገኘው?» አለች እምዬ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የቡሬም ሁን የደምበጫ ሰው፣ ከአያቶችህ መካከል እምባቦ ላይ የሸሸ ወይም የተማረከ ካለ ሳታፍር ጻፍልኝ። ስሙን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረህ ላክ። በሬ ፍለጋ የሄደ ግን አልቀበልም፤ እሱ ከእኛ ቤት ሞልቷል።