መብራቱ በጂ ያዜማል

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት አይቼ አላውቅም። ለዘፋኙ ይለጠፋል፣ ለማሲንቆ መቺው ይለጠፋል፣ ሳክስፎን የሚነፋው እንኳ ጉንጩ ተወጥሮ ቦታ ስለሚበረክት አይቀርበትም። ቤዚስቱ ከድራሙ ጎን ቆሞ ያመሻል፣ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ይሄዳል። ሠርገኛው መኖሩን የሚያውቀው የቀረ ቀን ነው። ያን ቀን «ምነው ዛሬ ሙዚቃው ቀለለብኝ?» ይልና ምክንያቱ ሳይገባው ወደ ጥሬ ሥጋው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የዋልያስን «ሙዚቃዊ ስልት» ያልሰማ የለም። የመላከ ገብሬን ቤዝ ከውስጡ አውጡና የቀረውን ስሙት፤ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ነገር ብዙም አይተርፍም። በሮሃ ባንድ ዘመን ግማሹ አዲስ አበባ የጨፈረው በጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው፤ ጨፋሪውን ብትጠይቁት ግን የሚጠራው የዘፋኙን ስም ነው። አሜሪካም ከኛ አልተሻለችም። በዲትሮይቱ ሞታውን የጄምስ ጄመርሰን ቤዝ ያላረፈበት ተወዳጅ ዘፈን ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ስሙ የአልበም ሽፋን ላይ ታትሞ እስኪወጣ እ.ኤ.አ. 1971 እና የማርቪን ጌይ አልበም መምጣት ነበረባቸው። ይህን የምለው ለራሴ አዝኜ አይደለም። (ትንሽ ለራሴ አዝኜ ነው።) ሌላው የማይሰማውን ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ሌላው የማይሰማው ዝዝታ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳው እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

የምቀዳው ሳሪስ አቦ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ሰርቪስ ቤት ነው። ለጓደኞቼ «ስቱዲዮ» እላታለሁ፤ አከራዬ «የልጁ ክፍል» ይሏታል። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፌያለሁ። የእንቁላል ካርቶን ድምፅ እንደማያግድ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲገባ ያከብራል። ውጭ የታክሲ ረዳቱ «አቦ! አቦ! አቦ!» ይላል፣ ብየዳ ቤቱ ይጮኻል፣ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ደግሞ የአቦ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ከሌሊቱ ጀምሮ ሰፈሩን ይይዛል። ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም፤ ቤዝ በማይክ አልቀዳማ። ጊታሩን በጃክ ሳውንድ ካርዱ ላይ እሰካለሁ፣ የውጭው ዓለም ይዘጋል። ጄመርሰንም እንዲሁ በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ እየገባ ነው የተቀዳው።

የኔው ግን ከሥሩ «ዝምምም» የሚል ነገር አለው። ስጫወት ይደበቃል። በሁለት ኖታ መሃል ትንፋሽ ስሰጥ ብቅ ይላል።

አንዱ ወዳጄ «ባቡሩ ነው» አለ። ቀላሉ ባቡር ከ2008 መባቻ ጀምሮ በሰፈራችን ያልፋል፤ ከላይ የተዘረጋለት ሽቦ 750 ቮልት ይሸከማል፤ ተጠርጣሪ ለመሆን ይበቃል። እኩለ ሌሊት ባቡሩ ጋራዥ ገብቶ ሲተኛ ጠብቄ ሰማሁ። ባቡሩ ተኝቷል፣ ዝዝታው አልተኛም።

ስቱዲዮ ያለው ወዳጄ ደግሞ «ዲ አይ ቦክስ ግዛ» አለኝ። እሱ የሆድ ቁርጠት ቢነግሩትም ዕቃ ግዛ ነው የሚለው። ዲ አይ ቦክስ ባንድ በኩል የጊታር ጃክ የሚገባባት፣ በሌላው በኩል ካኖን የሚባለው የማይክ ገመድ የሚወጣባት ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። ሥራዋ የሽማግሌ ሥራ ነው። የጊታሩ ፒክአፕ ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ፣ ጉልበቱ ያነሰ፣ ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጥራቱ እየሟሸሸ የሚሄድ ወገን ነው። ሚክሰሩ ዝቅ ያለ ኢምፒዳንስ ይዞ ላልመጣ ሰው ጆሮ የማይሰጥ ወገን ነው። ሳጥኗ መሃል ገብታ የአንዱን ቃል ለሌላው በሚጥመው መንገድ ታደርሳለች። ቃሉን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ቀጥ አድርጋ ሌላውን ገልብጣ ስለምትልከውም፣ መንገድ ላይ የተለጠፈበት ሐሜት መድረሻው ላይ ሲደርስ ይጣፋል።

እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። ጠቡ የሚጀምረው የትኛዋ ትሻላለች ሲባል ነው። ፓሲቭ የምትባለው ውስጧ ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ ባትሪ አትል፣ መብራት አትል። አክቲቭ የምትባለው ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም ወይም የራሷን ባትሪ ትጠይቃለች። ጊታርህ ፓሲቭ ከሆነ አክቲቭ ሳጥን፣ ጊታርህ አክቲቭ ከሆነ ፓሲቭ ሳጥን ይላሉ ዐዋቂዎቹ፤ ከዚያ ራሳቸው ያሉትን ትተው የፈለጉትን ይገዛሉ። ራዲያል የተባለው የካናዳ ድርጅት ሁለቱንም ይሠራል፤ አክቲቩ ጄ 48፣ ፓሲቩ ጄ ዲ አይ ነው። ፓሲቩ ውስጥ ያለው የጄንሰን ትራንስፎርመር ነው፤ ስሙ ሲጠራ ስቱዲዮ ያለው ወዳጄ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሌላው ጓደኛዬ ካንትሪማን ታይፕ 85ን ካላስቀደምክ አላናግርህም ባይ ነው። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ተኳርፈው ሠርግ ላይ አንድ መድረክ ሲወጡ በድራመሩ በኩል ነው የሚነጋገሩት።

መሐል ከተማ ወርጄ ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ አንድ ሳጥን አወጣልኝ። «ኦሪጅናል ነው?» አልኩት። «አዎ፣ ኦሪጅናል ቻይና ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ካቻቢቴ ተውሼ ከፈትኩት። ትራንስፎርመሩ የአውራ ጣቴን ጥፍር አያክልም። የቤዝን ጉልበት የሚሸከመው ያ ብረት ነው፤ ብረቱ ሲያንስ ዝቅተኛዋ ኢ፣ ማለትም 41 ኸርዝ ስትመታ ይሞላና ድምፁን ያዛባዋል። ዘግቼ መለስኩለት። «ለጊታር እኮ ምንም አይልም» አለኝ። ለጊታር! ቤዚስት ስትሆኑ የምትሰሙት ይህንን ነው።

ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«ዲ ምን? የምን መድኃኒት ነው?»

«መድኃኒት አይደለም አክስቴ፣ የጊታር ዕቃ ነው።»

«ጊታር አለህ አይደል እንዴ?»

«ከጊታሩ ጋር የሚሠራ ነው።»

«ስንት ነው?»

«ከ200 ዶላር በላይ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ለአንድ ሳጥን? በዚህ እኮ ሦስት ጫማ ይዤልህ እመጣለሁ» አለች። ልክ ናት። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት ባንክ ቤት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብጠይቃት እኔም ደፈር እል ነበር። አሁን በብር ሳሰላው ድምፄ ይሰልላል።

ሳጥኗ እስክትመጣ ከዝዝታው ጋር ስንኖር ተዋወቅን። ቲውነር ሰካሁበት፤ «ጂ» አለ። የመብራታችን ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የቤዙ ወፍራም ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለችው ጂ ደግሞ 49 ኸርዝ ናት። መብራቱ በጂ ያዜማል ማለት ነው፤ ትንሽ ከፍ ይልበታል እንጂ፣ የግማሽ ቶን አንድ ሦስተኛ ያህል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሰላም የለኝም። ለምን ዘፈኑን ሁሉ በጂ አልጫወትም? ዝዝታው ከሥር ይዞ ይሄዳል፣ ለተጨማሪ ሰው አይከፈል! ከፍ ማለቱስ? ቤዙን በዚያው ልክ ከፍ አድርጌ ልቃኘው። ኪቦርዱም ከፍ ይላል፤ ቁልፍ መጫን ነው። ሳክስፎኑ አፉን ገፋ ያደርጋል። ዘፋኙ ድሮም ከፍ እያለ ነው የሚዘፍነው። ክራሩማ ችግር የለውም፤ ክራር ከሰው ጉሮሮ ጋር ሲቃኝ የኖረ ዕቃ ነው፣ ከቆጣሪ ጋር መቃኘት አያቅተውም። ትዝታ በመብራት ቅኝት። አክስቴ አገር ይህ አይታሰብም፤ የነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ በቢ ፍላትና በቢ መሃል ተንጠልጥሎ የቀረ፣ ለአምባሰልም ለባቲም የማይሆን።

በገናንም አስቡት። ዐሥሩም ክሮቹ ሥር እንዚራ የሚባል ቆዳ ይደረግለታል፤ ሆን ተብሎ፣ እንዲነዝር። በሁዳዴ በራዲዮ ስንሰማው ልባችን የሚባባው በዚያ ንዝረት ነው። አንድ የውጭ ሳውንድ ማን በገና ቢያስቀዱት መጀመሪያ የሚፈልገው ዝዝታ የሚቆርጠውን የግራውንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እንዚራውን አውልቆ «አሁን ጠራ» ይላል፣ ዳዊት ራሱ ተነሥቶ ቢያየው ዕቃውን የማያውቀው አድርጎ።

ይህን ስፈላሰፍ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ሳውንድ ካርዱም ጉልበቱን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው። ኸድፎኑ ጆሮዬ ላይ እንዳለ አንድ ኖታ መታሁ። ለቀቅኩት። ከኋላው ምንም የለም። ዝምታው እስከ ታች ድረስ ባዶ ነው። ያን ምሽት ባትሪው እስኪያልቅ ቀዳሁ፤ እስካሁን ከቀዳሁት ሁሉ የጠራው እሱ ነው። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በፉጨት ተቀበለው። እኔ አኮረፍኩ።

እንግዲህ ነገሩ ከግድግዳው ነው። በማግሥቱ ብሬከሩን አጥፍቼ ሶኬቱን ፈታሁት። ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ ነጭ፣ ያማረ ሶኬት ነው። ሁለቱ ገመዶች ቦታቸው ላይ አሉ። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በፕላስተር ታሽጎ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ተቀብሯል። ከምንም ጋር አልተገናኘም። ቆጣሪው ጋ ሄድኩ፤ መሬት የገባ ዘንግ የለም።

አከራዬ ማድ ቤት እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ነግሬያቸው ልጨርስ ስል እግራቸውን አየሁ። ጣውላ ላይ ነው የቆሙት።

«እትዬ፣ ይሄ ጣውላ ምንድን ነው?»

«ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል ልጄ። እሱ ላይ ስቆም ይተወኛል።»

ትንሽ ይነዝራል! እኔ የጂ ኖታ ልኬት ሳሰላ፣ እሳቸው በሳምንት ሁለቴ ኮረንቲ ላይ ሊጥ ያፈሳሉ። ያቺ ሦስተኛዋ ሽቦ የተፈጠረችው ምጣዱ ያፈሰሰውን ኮረንቲ በሰው በኩል ሳይሆን በራሷ በኩል ወደ መሬት እንድታወርድ ነው። ሶኬቱን የገጠመው ሰው ይህን አያውቅም አትበሉኝ፤ ባያውቅ ኖሮ ጫፉን በዚያ ጥንቃቄ አያሽገውም ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ ሦስት ቀዳዳ ለጌጥ ሰጥቶ ሄደ። እኛ ሙዚቀኞችስ? አምፑ ሲጮኽ የስፒናውን ግራውንድ በፒንሳ የምንነቅል እኛ አይደለንም? ዘፋኙ «ማይኩ ከንፈሬን ነዘረኝ» ሲል መድረክ ላይ የምንስቅ እኛ አይደለንም? የዲ አይ ቦክሷ ግራውንድ ሊፍት የሚቆርጠው የድምፁን ገመድ መሸፈኛ ነው፤ ሰው አይገድልም። የስፒናው ግን የመጨረሻው አጥር ነው። ይህን እያወቀ የሚነቅለውን ሰው ቤዙን ቀምቶ ሠርግ ቤት ወንበር ማስደርደር ነው።

ብዙ ጮኽኩ መሰለኝ፣ እትዬ ምጣዱን ከደን አድርገው «ና ቡና ጠጣ፣ ፊትህ ገርጥቷል» አሉኝ። ጠጣሁ። የመዳብ ዘንግ ጓሮ እናስቀብር አልኳቸው፤ አፈሩ እርጥበት ያለው ቦታ ይሻላል፣ ጨውና ከሰል ይጨመርበታል። «እርጥቡ ቦታ ጎመኑ ያለበት ነው» አሉ። ጎመኑ እስኪነሣ ተባባልን። የኤሌክትሪክ ባለሙያው «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሏል። ነገ የትኛው እንደሆነ አልተስማማንም። እስከዚያ ለእትዬ ከጣውላው ላይ ወፍራም ጎማ ደርቤላቸዋለሁ፤ ቁመት ጨመረልኝ ብለው ወደውታል።

አክስቴ ትናንት ደወለች። የጫማ ቁጥሬን ነው የጠየቀችኝ።

ስለዚህ ለገና ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁና ሻንጣው ኪሎ የተረፈው አንባቢዎች፣ ሳጥኗ ኪሎ አትሞላም። ገንዘቡን በእጃችሁ አስረክባለሁ። ፓሲቩ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አክቲቩም ከመጣ አልመልሰውም።