ምጣዱ ቢነዝርዎ አይደንግጡ

ወዳጄ፣ ሰሞኑን እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ነዘር እንዳደረገዎ ሰማሁ። አይዞዎት። ብቻዎን አይደሉም። መፍትሔ አለው፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ምክሮች በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ። አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሻይ ያፍሉ። በከሰል ቢሆን ይመረጣል።

1. ጫማ ያድርጉ።

የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይግዙ። ምጣዱ ሥር ያስቀምጡት። ሲጋግሩ ያጥልቁት፤ ሲጨርሱ እዚያው ያውልቁት። ጋጋሪዋ ብትለዋወጥም ጫማው አንድ ይበቃል።

ለዚህ ሥራ የታሰበ ሌላ ነገር እንዳለ ላልደብቅዎት። የመሬት መስመር ይባላል። ከምጣዱ ብረት ተነስቶ፣ በግድግዳው ውስጥ አልፎ፣ መሬት ድረስ የሚወርድ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። ያፈተለከ ኮረንቲ በእርስዎ በኩል እንዳይሄድ መንገድ ይሰጠዋል። የቤትዎ ፕላን ላይ ተሥሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ፕላኑን በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ጫማው ግን ግድግዳ አያስቆፍርም፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ይሸጠዋል። ለእንግዳ የሚሆን አንድ ጥንድ ይጨምሩ።

2. ቁጥሩን ይወቁ፤ ከዚያ ይርሱት።

ምጣድዎ 3,500 ዋት ቢሆን፣ ለ220 ቮልት ያካፍሉት። 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። አሁን ምጣዱ የተሰካበትን ዲቫይደር ገልብጠው ይዩ። 10 አምፔር የሚል ጽሑፍ ካገኙ ቀስ ብለው መልሰው ይገልብጡት። ጽሑፉ ወደ ታች ሲሆን ቤቱ ይረጋጋል።

ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን እዚያው ይሰኩ። በየጥቂቱ እጅዎን ያሳርፉበት። ለብ ካለ ጤነኛ ነው። ካቃጠለ ትንሽ ይረፍ። ከሸተተ መስኮት ይክፈቱ።

ስለ ሰው ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ሕይወት ለማዳን ተብሎ የሚገጠም መቁረጫ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ መስመሩን ይቆርጣል። ሽንት ቤትዎ ያለችው ባለ 9 ዋት አምፖል ከዚያ የበለጠ ትወስዳለች፤ 40 ገደማ። እርስዎን አደጋ ላይ ለመጣል ከአንዲት አምፖል ቀለብ ያነሰ ይበቃል ማለት ነው። ቆጣሪው አጠገብ ያለው የተለመደው ብሬከር ግን 16 ወይም 20 አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይላል። አይቀየሙት። የተሠራው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። ስለ እርስዎ የነገረው ሰው የለም።

3. ሽቦ ሲገዙ የባለሱቁን ጥያቄ ያድምጡ።

መርካቶ ሲወርዱ ባለሱቁ፣ «ለሚኖሩበት ነው ለሚያከራዩት?» ይልዎታል። ጨዋ ሰው ነው። ሁለት ሕሊና፣ ሁለት ዋጋ ይዟል። መልስዎን አስበውበት ይስጡ።

ላዩ ላይ 2.5 ተብሎ የተጻፈው ገመድ ውስጡ ሳሳ ብሎ ቢያገኙት አይከፉ። ቁጥሩ አልጎደለም፤ የጎደለው መዳቡ ነው። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ከተለሰነበት በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም። ያልታየ ነገር አያሳስብም። ተከራይዎም አይጠይቅዎትም፤ እሱን የሚያሳስበው ኪራዩ ነው።

4. ባለሙያ ይቅጠሩ። ሁለት ያስፈልግዎታል።

አንደኛው የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ያለው ነው። ሁለተኛው ካቻቪቴ ያለው ነው። ሁለቱን ለማስተዋወቅ አይድከሙ።

ሕጉ በዚህ በኩል አይታማም። በ2006 የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው ብቃቱ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ የግድ ይምጣ። ባለቤቱ ባይመጣም ይቅር ይበሉት፤ ወረቀቱ በስንት ሕንፃ ፋይል ውስጥ ይፈለጋል፤ እሱ አንድ ሰው ነው።

ካቻቪቴ ያለውን ልጅ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ ተነዝሮ ተርፏል። ይህን የመሰለ የሥራ ልምድ ከየት ይገኛል? ወረቀት ያለው ግድግዳውን አላየም፤ ግድግዳውን ያየው ወረቀት የለውም። ፋይሉ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ሰው ይሆናሉ። ማኅተሙ ያጋባቸዋል።

5. ተቆጣጣሪ ከፈለጉ በቆጣሪው በኩል ይጥሩት።

ወሰንዎን ይወቁ። እስከ ቆጣሪው ያለው የመብራት ኃይል ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእርስዎ ነው። ኮረንቲው ይህን ወሰን አያውቅም፤ እርስዎ ግን ሊያውቁት ይገባል።

አሁን እንሞክር። ስልክ ይደውሉና «ሽቦዬ ይግላል» ይበሉ። በትሕትና የግል ባለሙያ እንዲፈልጉ ይነገርዎታል። ስልኩን ይዝጉ። አሁን ደግሞ የአንድ ሰው ቆጣሪ ማኅተም ተነክቷል የሚል ወሬ ይሰማ። መኪናው ሲደርስ ሰዓትዎን ይዩ።

ቅር አይበልዎት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቆጣሪ ለመፈተሽ የሄደ ሰው ያልተከፈለ ብር ይዞ ይመለሳል። ሽቦ ለመፈተሽ የሄደ ሰው ይዞ የሚመለሰው ያልተነሳ እሳት ነው። ያልተነሳ እሳት በገቢ አይመዘገብም። ደረሰኝም አይቆረጥለትም። በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ በየትኛው ረድፍ ይገባል?

ስለዚህ በጣም ከተጨነቁ ጎረቤትዎን ይለምኑ። «ቆጣሪያቸውን ነካክተዋል» ብሎ ይጠቁምብዎ። ሲመጡ ቡና ያፍሉላቸው። ማኅተሙ ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ እግረ መንገዳቸውን የጠቆረውን ሶኬት ያሳዩዋቸው። «ይቅርታ፣ ይሄ እኛን አይመለከትም» ይላሉ። ይሁን። ቢያንስ የሠለጠነ ዓይን አርፎበታል።

6. ማንን እንደሚመለከት ይጠይቁ። አድራሻውን ግን በእርሳስ ይጻፉ።

ማመልከቻ ያዘጋጁ። «ለ» ካሉ በኋላ ቆም ይበሉ። በ1989 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ነበር። በ2006 የኢነርጂ ባለሥልጣን ሆነ። በ2014 የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተባለ። መብራት ኃይልም በዚያው በ2006 ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ያመነጫል፣ ሌላው እየሸጠ ያዳርሳል። ሰዉ ግን ዛሬም መብራት ኃይል ይላል። እርስዎም እንዲያ ቢሉ ማንም አይታዘብዎትም።

ሽቦዎ ከ1989 በፊት የተቀበረ ከሆነ ሦስት ታፔላ ሲወርድና ሲሰቀል ኖሯል። አንዱንም አልተዋወቀም። የዕድሜ ባለጸጋ ነውና በአክብሮት ይያዙት፤ አይነካኩት።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምርልዎ። ነዳጅና ኤሌክትሪክ አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እሳት የሚወዱ ሁለት ልጆች አንድ አሳዳጊ አገኙ። ታዲያ ይሉኝታ ይኑርዎ። የነዳጅ ሰልፍ በተራዘመበት ሳምንት ስለ አንዲት ሶኬት አያንሱ።

7. ሽቦዎ የሚበላሽበትን ወር ይምረጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያልቃል። ይህን ማቀዝቀዣዎ ላይ ይለጥፉ።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ውሃው በቆርቆሮው ሰርጎ፣ ኮርኒሱ ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለውን መገጣጠሚያ ያርሰዋል። በዚህ ጊዜ ተቆጣጣሪ አይጠብቁ፤ በጀቱ ገና አልተለቀቀም። መስከረም ዕቅድ ይከለሳል። በበጋ በጀቱ ተለቆ ይሆናል፤ መኪናዋ ግን ጋራዥ ገብታለች። ስትወጣ ነዳጅ የለም። ነዳጅ ሲገኝ ሾፌሩ አበል አልጸደቀለትም። ሽቦዎም በበኩሉ ደርቋል፤ የሚያሳየው ምልክት የለም።

ሰኔ ሲመጣ ግን ደስ ይበልዎ። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይተጋል። ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ፍተሻ ያልተገኘው ብር በአንድ ሳምንት ውስጥ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ላይ ይገኛል። እዚያ የሚዘጋጀው መድረክ ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ ግንዛቤ ያስጨብጣል። ባነር አለ፤ ቦርሳ አለ፤ የሻይ ዕረፍት አለ። ለፕሮጀክተሩ ሶኬት ሲያጥር አንድ ዲቫይደር በሌላ ዲቫይደር ላይ ይሰካል።

ከተጋበዙ ይሂዱ። ቲሸርት ከታደለ ይቀበሉ። ጥጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ናይሎን እሳት ሲነካው ሰውነት ላይ ይጣበቃል።

8. የፍተሻው ቀን ሲደርስ ባለቤቱን ይምሰሉ።

ተራዎ ደረሰ እንበል። እንኳን ደስ አለዎት። ታክሲ ይዘው ይሂዱና ተቆጣጣሪውን ይውሰዱት። በእግሩ እንዲመጣ አይጠብቁ። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ሰጥቶታል፤ የሚያደርሰውን አልሰጠውም። መሣሪያ ከጠየቀዎት አይደንግጡ፤ ቴስተር ከሰፈሩ ልጅ ይዋሱለት። ስድስት ሰዓት ከሆነ ምሳ ይጋብዙት።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ያማሉ። እኔ ግን ጥቅሙን ልንገርዎ። የሚፈትሽዎን ሰው ያመጡት እርስዎ፣ መሣሪያ የሰጡት እርስዎ፣ ያበሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ውጤቱን አስቀድመው ያውቁታል። ይህ ጭንቀት ይቀንሳል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግ ነገር ነው።

በዚያ ሰዓት መብራት ከሄደም ቀጠሮው አይሰረዝ። ፍተሻው እንዲያውም ይፈጥናል። መብራት በሌለበት ምጣድ አይነዝርም፤ ሶኬት አይግልም፤ ዲቫይደር አይሸትም። ቅጹ ላይ «ምንም ችግር አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። እውነት ነው። ጨለማ ነበር።

የተፈረመበትን ወረቀት በፍሬም አድርገው ይስቀሉ። የጠቆረው ሶኬት ላይ ቢሆን ግድግዳውም ያምራል።

9. ነፃውን ፍተሻ ይጠብቁ።

እስካሁን ወጪ አብዝቼብዎት ከሆነ ይቅርታ። አሁን ምንም የማያስከፍለውን ልንገርዎ። መንግሥት ለዜጋው ሁሉ፣ ሀብታም ድኃ ሳይል፣ በነፃ የሚያደርገው አንድ የተሟላ ፍተሻ አለ። ማመልከቻ አይፈልግም። ታክሲ አይፈልግም። በጀቱ ሐምሌም ይሁን ጥር ይገኛል። ማሟላት ያለብዎ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቤትዎ አስቀድሞ መቃጠል አለበት።

አዲስ አበባ ከሆኑ 939 ይደውሉ። መንገድዎ ጠባብ ከሆነ አስቀድመው ያስፉት። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፤ የዚያ እሳት መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ መኪና በማይገባበት ሰፈር ውሃውም እንደማይደርስ ተምረናል። ትምህርቱ ተመዝግቧል። መንገዱ ይጠናል።

እሳቱ ሲጠፋ ብዙ ሰው ይመጣል። ለዓመታት ያላገኟቸው ሁሉ በአንድ ጠዋት። ጎንበስ ብለው ሽቦውን ያያሉ። ፎቶ ያነሳሉ። የቀለጠውን ዲቫይደር በላስቲክ ከረጢት ያሽጋሉ። ውስጡ የሳሳውን መዳብ ያኔ ይለኩታል። በሕይወቱ ያልተፈተሸ ገመድ ሲሞት እንዲህ ይከበራል።

ጋዜጠኛ ሲመጣ «የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው» ይባላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ይልመዱት፤ ያረጋጋል። ቆየት ብሎ ደግሞ «የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው» ይባላል። ይህ ከሁሉ የሚሻለው መልስ ነው። ኮንታክት የማንም ዘመድ አይደለም። አይከሰስም። ከሥራ አይታገድም። ግምገማ አይቀመጥም። ምስክር ወረቀቱን ማን ሰጠው ተብሎም አይጠየቅም። እርስዎም ቂም የሚይዙበት ሰው አይኖርዎትም፤ ልብዎ ንጹሕ ይሆናል።

በመጨረሻም እንግዳ ተቀባይነትዎን አይርሱ። በመጀመሪያው ምክር ላይ ለእንግዳ ያልኩዎት ነጠላ ጫማ ከተረፈ ፈልገው ያውጡት። አመዱን ጠርገው፣ ለመርማሪው ከእግሩ ሥር ያኑሩለት። ወለሉ ከማጥፊያው ውሃ ገና አልደረቀም። መስመሩንም እስካሁን የቆረጠው የለም።