ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው

መንግሥት ይለወጣል፣ ሥርዓተ ትምህርት ይከለሳል፣ የመጽሐፍ ሽፋን ይታደሳል፤ የከተማና የገጠር ሕይወትን የሚያነጻጽረው አንቀጽ ግን ንቅንቅ አይልም። አባት በደብተሩ የጻፈውን ልጅ በወርክሺቱ ይደግመዋል። በገጠር ንጹሕ አየር አለ፤ በከተማ ግን አየሩ ተበክሏል። በከተማ መብራት አለ፤ በገጠር ግን የለም። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ ይህን የሚጽፈው መብራት ጠፍቶ በሻማ ሊሆን ይችላል። የገጠሩም ልጅ በሶላር ፋኖስ ብርሃን «በገጠር ሰው በኩራዝ ይኖራል» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ግድ የለም፤ አንቀጹ ዙሪያን አይተው የሚጽፉት አይደለም።

ዘዴው የተጣራ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ይከፍላል፤ በግራ ተመሳሳይነት፣ በቀኝ ልዩነት። ቀጥሎ አያያዦች ይታደላሉ፦ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ «ሃውኤቨር»፣ «ዌርአዝ»፣ «ኦን ዘ አዘር ሃንድ»፤ በአማርኛው «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ»፣ «በሌላ በኩል»። ተማሪው ይሸመድዳቸዋል። የሚያያዝ ሐሳብ ካለው እሰየው፤ ከሌለውም አያያዡ በቦታው ስላለ ማርኩ አይቀርበትም።

ደግሞስ መምህሩ ምን ያድርግ? ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ለያንዳንዱ አንቀጽ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ አምስት ክፍል ከያዘ ሃያ አምስት ሰዓት። አያያዥ እየቆጠሩ ማረም እንግዲህ ስንፍና ሳይሆን የሒሳብ ግዴታ ነው።

ወፍራም ክፍያ የሚጠይቁት ትምህርት ቤቶች በዚህ ኋላቀርነት አይታሙም። እነርሱ ክብ አላቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1880 ለሎጂክ ጥናት ያቀረበው ሥዕል እነርሱ ዘንድ የድመትና የውሻ ማደሪያ ሆኗል፤ «አራት እግር» መሐል ላይ፣ «ይጮሃል» በአንዱ ጫፍ፣ «አይጥ ይይዛል» በሌላው። ልጁ ክቦቹን በከለር ያደምቃል፣ ኮከብ ይለጠፍለታል። አንቀጹ የቤት ሥራ ይሆናል፤ ማታም ታላቅ እህት ወይም ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል።

የአንቀጹ ዘውድ መደምደሚያው ነው፦ «ስለዚህ ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው።» ለከተማና ለገጠር፣ ለመጽሐፍና ለቴሌቪዥን፣ ለድመትና ለውሻ እኩል ያገለግላል። ማንንም አያስቀይምም። «ታዲያ የቱ ይሻላል? ለማን? በምን መስፈርት?» ብሎ የሚያስቸግር የለም። በላ ልበልሃ እየተባባለ፣ ምስክር እየጠራ፣ ለአንዲት ድንበር ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጆቹን ይህን ያህል ገላጋይ ማድረጉ ያስደንቃል።

ችግሩ ዕረፍት ሰዓት ላይ ነው። እነዚያው ልጆች ሜዳ ወጥተው ኃይሌና ቀነኒሳን ማወዳደር ሲጀምሩ ያ ሁሉ ሥልጠና ከንቱ ይቀራል። አንዱ ሁለቱም በ10,000 ሜትር ሁለት ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ እንዳላቸው ይቆጥራል፤ ኃይሌ በአትላንታና በሲድኒ፣ ቀነኒሳ በአቴንስና በቤጂንግ። ሌላው «ቤጂንግ ላይ የ5,000ውን ጨምሮበታል!» ብሎ ያቋርጠዋል። ሦስተኛዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው ቀነኒሳ መቅደሙን ታነሣለች። «ያኔ እኮ ኃይሌ ሠላሳ ሞልቶት ነበር» ይላታል ጓደኛዋ፤ በምን ዕድሜ ይወዳደሩ የሚል አዲስ ሙግት ይነሣል። ማራቶን ሲመጣ ነገሩ ይከራል። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቷል፤ ኃይሌ በዚያው ከተማ በ2008 የገባው 2:03:59 ነው። ይሁን እንጂ የኃይሌ ሰዓት በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ቀነኒሳን ግን የዘመኑ ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ አምልጦታል። «ጫማውስ?» ይላል ከኋላ አንዱ፤ የ2019ኙ ጫማ የካርቦን ሳህን የገባበት ነውና በሰዓት ብቻ መመዘን ያዳላል ባይ ነው።

መስፈርት፣ ማስረጃ፣ ማስተባበያ፣ ፍርድ፤ ሁሉም ተሟልቷል። ደግነቱ ደወሉ ይደወላል። ልጆቹ ወደ ክፍል ይገቡና «በከተማ ብዙ መኪና አለ» ብለው ይጽፋሉ።

ከዚህ በላይ የሚያስጨንቃቸውም የለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለ አንቀጽ ተምረው የሚቀመጡበት አገር አቀፍ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ አንዲት አንቀጽ ሳይጽፉ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ለማነጻጸሪያ ልምምድ የሚሆን ጥሩ ጥንድ ነበር፤ ምን አመሳሰላቸው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ክቡ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች ለትምህርት ቤት አይመቹም።

አልፎ አልፎ ደፋር መምህር አይጠፋም። ከተማና ገጠሩን ትቶ የዕረፍት ሰዓቱን ሙግት ሰሌዳ ላይ ያወጣል። ክፍሉ ይናጋል፣ ዴስክ ይደበደባል፤ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ተነሥታ «ቲቸር፣ መጀመሪያ በምን እንደምንለካቸው እንስማማ» ትላለች። ይህች ጥያቄ በዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ የለችም። ለምልከታ ከኋላ የተቀመጠው ሱፐርቫይዘርም ቅጹን ያወጣና በአስተያየት መስጫው ላይ ይሞላል፦ «መምህሩ ክፍል መቆጣጠር አልቻለም።»